የተመለሰው መቀስ

እትዬ ቅዳሜ መጥታ አባዬን ወደ ቤቷ እንደምትወስደው የነገረችን በስልክ ነው። አልጠየቀችንም፣ ነገረችን። ታላቅ እህቴ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናት፤ ከደወል ጋር ብዙ ከመኖሯ የተነሳ ንግግሯም ደወል ሆኗል፤ እሷ ከተናገረች ሰው ሁሉ ይሰለፋል። «አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት አለው፣ ቀን ቀን አስታማሚ ትመጣለች፣ ማታ እኛ አለን» አለች። አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በመስኮት የብርቱካን ዛፉን እያየ ይሰማታል። እኔ ደግሞ መቀመጥ አቅቶኝ ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ።

እውነቷን ነው፣ እሱን አልክድም። ስትሮክ ከመታው ወዲህ አባዬ ቀኝ ጎኑን አጥቷል። እግሩ በምርኩዝ እየተጎተተም ቢሆን ይታዘዘዋል፤ እጁ ግን እንደ እንግዳ ጭኑ ላይ ተቀምጦ ቀርቷል። ባለፈው ሰሞን ጓሮ ወድቆ ሲጣራ፣ እኔ ከፊት ባለው ክፍል የስፌት መኪናዬን እያንጫጫሁ አልሰማሁትም። ሳገኘው ጉንጩ ላይ አፈር ነበር። እትዬ ያንን አፈር በዓይኗ ሳታይ አይታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

«አንድ ዛፍ ልግረዝ» አለ አባዬ ድንገት።

«ምን?»

«ቅዳሜ ስትመጪ ይሄ የመስኮቱ ብርቱካን በገዛ እጄ ተገርዞ ካገኘሽው እዚሁ እቀራለሁ። ካላገኘሽው አንድ ቃል ሳልናገር መኪናሽ ውስጥ እገባለሁ።»

«በገዛ እጅህ?» አለች እትዬ።

«በገዛ እጄ።»

«ያቺ ቁንጥንጥ ሳትነካው?»

«ጫፉን አትነካውም።»

«እሺ» አለች። ቶሎ እሺ ያለችው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ በዚያ እጅ ዛፍ አይገረዝም፣ እሷም ሳትጨቃጨቅ ታሸንፋለች። ስልኩ እንደተዘጋ «ምን ነካህ?» ብዬ ጮህኩበት። አባዬ በጠመመው አፉ ፈገግ አለና «እግዜር ሁለት እጅ ነው የሰጠኝ፤ አንዱ ቢተኛ ሌላው የት ሊሄድ ነው?» አለኝ።

ቁንጥንጥ የተባልኩት እኔ ነኝ። አባዬ እትዬን «ቀኝ እጄ» እያለ ነው ያሳደጋት፤ መሰላል የምትይዝለት፣ ቅርንጫፍ የምትሰበስብለት፣ የተላከችበትን ሳትረሳ የምትመለስ እሷ ነበረች። እኔ የተላክሁበትን መንገድ ላይ ጥዬ እመጣለሁ። በዚያ ላይ ግራኝ ሆኜ ተወለድኩ። ማንኪያ ስይዝ «በቀኝሽ!»፣ እርሳስ ስይዝ «በቀኝሽ!»፣ ድመት ሳሻሽ እንኳ «በቀኝሽ!» ይለኛል። አልሰማ ስል ግራ እጄን በሻሽ ከወገቤ ጋር ያሳስረኝ ነበር። የምታስረው እትዬ ናት፤ ቀኝ እጁ አይደለች? ክፋት አልነበረውም። ዓለም ለቀኝ እጅ የተሠራች መሆኗን ያውቃል፣ ወደፊት እንዳልቸገር ብሎ ነው። ተሳካለትም። በቀኜ እበላለሁ፣ በቀኜ እጽፋለሁ፣ ደንበኛ ፊት ጨርቅ የምቆርጠውም በቀኜ ነው።

ግራዬ ግን ሥራ ፈት ሆና ቀረች፣ ሥራ ፈት ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ጠረጴዛ ትደበድባለች፣ ቁልፍ ታሽከረክራለች፣ የቀሚሴን ጠርዝ ትተለትላለች። በሩን ስዘጋው ጨርቁን የምትቆርጠው እሷ ናት፤ ከቀኜ ይልቅ ቀጥ አድርጋ ትቆርጣለች። የአባዬን የምርኩዝ ኮቴ ስሰማ ግን መቀሱን ወደ ቀኜ አሻግራለሁ። ይህን የሚያህል ሴትዮ ሆኜ!

ያን ቀን የመሣሪያ ሣጥኑን አስወጣኝ። አባዬ ዕድሜ ልኩን የሰው ጓሮ ሲገርዝ የኖረ ሰው ነው፤ ሎሚ፣ መንደሪን፣ ብርቱካን። ስለ መሣሪያ ያለው ሕግ አጭር ነው፦ ከአውራ ጣት ለማይወፍር የእጅ መቀስ፣ ከዚያ ለሚበልጥ ባለረጅም እጀታው፣ ለእሱም ለማይበገር መጋዝ። «ትንሹን በትልቅ አትምቺ፣ በትንሽ ደግሞ ትልቁን አታሰቃዪ» ይላል። ባለረጅም እጀታው ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ እሱን ወደ ጎን አስቀመጥነው። መጋዙም አንድ እጅ ሲጎትት ሌላው ቅርንጫፉን ካልደገፈ ልጡን ይዞት ይወርዳል። ደግነቱ የብርቱካኑን ወፋፍራም ቅርንጫፎች ሳይታመም በፊት አንስቷቸዋል። የቀሩት ከግንዱ ቀጥ ብለው የሚወጡት፣ ውሃውን ጠጥተው ፍሬ የማይሰጡት፣ እሱ «ሌቦቹ» የሚላቸው ናቸው፤ ደግሞም እርስ በርስ የሚፋተጉትና የደረቁት። ሁሉም የእጅ መቀስ ሥራ ነው። ፍሬው ተለቅሞ አዲሱ ቅጠል ገና ስላልወጣ ጊዜውም ልክ ነበር።

አሮጌ መቀሱን በግራው ያዘና አንድ ሌባ መሠረቱ ላይ ነከሰ። አልቆረጠም። ቅርንጫፉ በሁለቱ ብረቶች መሃል እንደ ወረቀት ታጠፈ። ደገመው፣ ታጠፈ። መቀሱን ገልብጦ ያዘው፤ አሁን ደግሞ የእጁ አንጓ ጠመመና መቆለፊያው መዳፉ ውስጥ ገብቶ ራሱ ተቆለፈ። አባዬ መሣሪያ እምቢ ሲለው የሚሳደብ ሰው ነው፤ አባትና እናት ሳይቀር ከፋብሪካው ጀምሮ ነው የሚወርድበት። ያን ቀን ግን አንድም ቃል አልወጣውም። መቀሱን ቀስ ብሎ ሣጥኑ ውስጥ መለሰው። ዝምታው ነው ያስፈራኝ።

አባዬ እንዲሄድብኝ አልፈልግም። ቀኑን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ነው የምንውለው፤ ግን የሚጨቃጨቀኝ ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ነጠላ ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላጠልቅ ወጣሁ።

የብረታ ብረት ሱቁ ባለቤት ሲያወራም ሲስቅም ከንፈሩ መሃል ብሎን የያዘ ሰው ነው፤ ሠፈሩ ሁሉ ዳዶ ነው የሚለው።

«ለግራ እጅ የሚሆን የዛፍ መቀስ አለህ?» አልኩት።

«ለምን?»

«ለግራ እጅ።»

«ግራ ገባኝ» አለኝ።

«እኔም የምፈልገው ግራ የሚገባበትን ነው!»

ብሎኑን በምላሱ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው አሻገረው። መቀስ መቀስ ነው፣ ግራና ቀኝ ያለው ጫማ ብቻ ነው ብሎ ተከራከረኝ። እሱ መደርደሪያውን ሲያገላብጥ የእኔ እጅ አርፎ አይቀመጥም፣ ከባንኮኒው ጎን ካለ ቅርጫት ውስጥ እጀታው ቀይ የሆነ መቀስ አንስቼ አንድ ቁራጭ ገመድ ላይ ሞከርኩት። በቀኜ ነው የሞከርኩት፤ ሰው ፊት ነኛ። ገመዱ በብረቶቹ መሃል ታጠፈና ተሰነቀረ።

«እሱን ተዪው» አለኝ ዳዶ። «የተመለሰ ዕቃ ነው፣ ጠማማ ነው። ለሦስት ሰው ሸጬው ሦስቱም አምጥተው ፊቴ ላይ ወረወሩት።»

ወደ ቅርጫቱ ወረወርኩት። ዳዶ ሌላ አወጣልኝ፤ አንዱ ስለት ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያርፍ፣ እንደ ቢላና መክተፊያ ዓይነት። «ይሄ ቀኝም ግራም አያውቅም» አለ። የሚፈልገውን ያገኘ ሰው እንደሚሮጠው ሮጬ ወደ ቤት ገባሁ።

አባዬ አንድ ለጋ ቅርንጫፍ ቆረጠበት። ደስ ብሎኝ ላጨበጭብ ስል የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ዓይኑ አቀረበ፣ ቀጥሎ ወደ አፍንጫው፣ ከዚያ ለእኔ ዘረጋልኝ።

«ይሄ ቆረጠ ነው የሚባለው ወይስ አኘከ?»

ጫፉ ተጨፍልቆ ልጡ ተተልትሏል።

«ለደረቅ እንጨት ደህና ነው» አለ። «ሕያው ቅርንጫፍ እንዲህ ተጨፍልቆ አይድንም፤ በቁስሉ በሽታ ይገባል። ስለቱ መንጋጋውን፣ ያን ያልተሳለውን ብረት፣ ታክኮ የሚያልፍ ነው የሚያስፈልገኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«አፍስሼ ልልቀም እንጂ! እትዬ እስክትደርስ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥልህ?»

አሮጌ መቀሱን መልሼ ከሣጥኑ መዘዝኩና ስለት ወደሚያወጡት ሽማግሌ ሄድኩ። የፀጉር ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ድንጋዩን በእግራቸው እያሽከረከሩ ቢላዋ ይስላሉ።

«ጋሼ፣ ይሄንን ለግራ እጅ እንዲሆን አድርገው ይሳሉልኝ።»

ተቀበሉኝና ስለቱ ላይ ጥፍራቸውን አሳለፉበት። «ልጄ፣ ይሄ ተስሎ የሚሆን አይደለም። እዪው፤ ስለቱ በአንድ ፊቱ ብቻ ነው የተሳለው፣ ጀርባው ልሙጥ ነው። ልሙጡ በዛፉ በኩል ይሆናል፣ መንጋጋው በሚወድቀው ቅርንጫፍ በኩል። ቀኝ እጅ ሲጨብጠው ሁለቱን ያቀራርባቸዋል፤ ግራ እጅ ሲጨብጠው ይገፈትራቸዋል። ቅርንጫፉ የሚታጠፈው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መስታወት ውስጥ ያለውን አውጥተሽ አምጪልኛ!» አሉና በራሳቸው ቀልድ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ተናድጄ ዞርኩ። ስዞር የፀጉር ቤቱ ትልቅ መስታወት በተከፈተው በር ፊት ለፊት ድቅን አለብኝ። መስታወቱ ውስጥ ፀጉሯ የተበታተነ፣ አንዱ ጫማዋ የተገለበጠ ሴትዮ ቆማ መቀስ ይዛለች፤ የያዘችው በግራዋ ነው። ፀጉር ቆራጩ ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ አፈጠጠብኝ፣ ደንበኛውም በአረፋው መሃል በአንድ ዓይኑ አየኝ። እኔ መቀሱን ከፈት ዘጋ አደርጋለሁ። ያቺ ሴትዮ የያዘችውን መቀስ አይቼዋለሁ። ስለቱ በዚያ በኩል፣ መንጋጋው በዚህ በኩል። አሁን፣ ቅድም፣ በዚህ እጄ ይዤው ነበር። እጀታው ቀይ ነው።

የሮጥኩትን ሩጫ እግዜር ይመስክር። ስደርስ ዳዶ ቅርጫቱን ለአሮጌ ብረት ገዢው ጆንያ ውስጥ እየገለበጠ ነው። «ቆይ!» ብዬ እጄን ጆንያው ውስጥ ሰደድኩ። ብረት ገዢው ሌባ መሰልኩት መሰለኝ እጄን ያዘኝ፣ እኔ ደግሞ ገፈተርኩት። ቀዩን መቀስ አወጣሁ። መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በግራዬ ያዝኩት። ያን ቁራጭ ገመድ አንስቼ ቆረጥኩት። ቀጭ አለ። ደገምኩት፣ ቀጭ። ከዳዶ ከንፈር መሃል ብሎኑ ወርዶ መሬት ላይ ተንከባለለ።

«ሦስት ሰው ሞክሮታል እኮ!» አለ ዳዶ።

«በየትኛው እጁ?»

ጎንበስ ብሎ ብሎኑን አነሳ። እኔ ግን መቀሱን አገላብጬ አየሁት። ሦስት ሰው ጠማማ ነው ብሎ መለሰው፤ አራተኛዋ እኔ ነኝ። አንዳችንም እጃችንን ለመቀየር አላሰብንም። መቀሱ ምንም አልሆነም ነበር። የስንቱ ገመድ ሲሰነቀርበት፣ ስንቱ ሲረግመው፣ ብቻ የሚይዘው እጅ ነው ያጣው። ለብረት ማልቀስ ዕብደት ነው፤ ያን ቀን ግን ለትንሽ ነው የተረፍኩት።

«ውሰጂው» አለኝ ዳዶ። «ብቻ በእናትሽ እንዳትመልሺው።»

አባዬ መቀሱን ሲያየው ዓይኑ ሌላ ሆነ። አገላብጦ አየው፣ ብሎኑን በጥፍሩ ነካካው፣ ሞላው እንዴት እንደሚመልስ ጨብጦ ሞከረው። ስለቱን አልኮል በነከረ ጨርቅ አስጠረገኝ፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ በሽታ የሚሄደው በመቀስ ነው ይላል። ከዚያ ምርኩዙን ግንዱ ላይ አስደግፎ፣ ትከሻውን ዛፉ ላይ አሳርፎ፣ መጀመሪያ የደረሰበትን ሌባ መሠረቱ ላይ ያዘ። ቀጭ። ቅርንጫፉ ወደቀ። ቁስሉ ክብ፣ ንጹሕ፣ ነጭ ነበር። ሁለታችንም እንደ ልጅ ጮህን።

ደስታችን ግን ዕድሜ አልነበረውም። መሣሪያው ልክ ሆነ፤ እጁ ግን ሥራውን አያውቀውም። ዓይኑ አንዱን ሲመርጥ እጁ ሌላውን ይይዛል። አንዴ ጉማጅ አስቀርቶ ቆረጠ፣ አንዴ ደግሞ ፍሬ የሚሰጠውን ቅርንጫፍ ጎመደው። ጉማጁን እያየ «ይሄንን ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ ከጓሮ አባርረው ነበር» አለ። የሚደርስበትን ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ሳይጨርስ እጁ ዛለ። ዛፉ ገና ነው፣ መሃሉ እንደ ተዘጋ ቤት ጨለማ ነው። እንደገና አነሳ፣ መቀሱ ከቅርንጫፉ አንገት ላይ ተንሸራተተ።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «እንዲህ አይደለም! የእጅህን አንጓ አታጥፈው፣ ክርንህን አስጠጋው፣ እጅህ እንዲመራህ ተወው!» ብዬ መቀሱን ከእጁ ነጠቅሁና በግራዬ ቆረጥኩ። አንድ፣ ከጎኑ ሌላ፣ ከውስጥ ደግሞ ሌላ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ካቆምኩ በኋላ ነው ያደረግሁት የገባኝ።

አባዬ ዛፉን አይደለም የሚያየው። እጄን ነው።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

«የት ለመድሽው?»

«በሩ ሲዘጋ» አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

በምርኩዙ ወደ ላይ ጠቆመ። «ያንን ደግሞ» አለ። «አይ፣ ከኋላው ያለውን። መሠረቱ ላይ እብጠት አለች፣ እሷን ሳትነኪ። እ... እንዲህ። አሁን ከውጭ ያለውን። ለወፍ መግቢያ መውጫ የሚበቃ ክፈቺለት።» ወንበር አወጣሁለት። እሱ ተቀምጦ በምርኩዙ ያሳየኛል፣ እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ እቆርጣለሁ። እሾሁ ክንዴን ሲቦጫጭረው እንኳ አልታወቀኝም። ስንት ዓመት ያልተሰማኝ ዓይነት ነገር ነበር የተሰማኝ፤ ሩጫ መሃል እንደ ቆመ ሰው።

ስንገባ «ለእትዬ አንተ ነህ የገረዝከው እላታለሁ» አልኩት። እራት ሳቀርብለት ከየት እንዳመጣው ሳላውቅ «ሻሹ ቀይ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«የቱ ሻሽ?»

እጄ የታሰረበት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

«አረንጓዴ» አልኩት።

«አረንጓዴ» አለና ማንኪያውን በግራው አነሳ።

ቅዳሜ ጠዋት የቀረው የዛፉ አናት ነበር። እትዬ ከምሳ በኋላ ነው የምትደርሰው ብለን ተረጋግተናል፤ እትዬ ግን መቼ ነው ሰው በጠበቃት ሰዓት መጥታ የምታውቀው? በርጩማው ላይ በጣቶቼ ጫፍ ቆሜ የመጨረሻውን ትልቅ ሌባ ልይዝ ስል የመኪናው ሞተር ቀጥ አለ፣ የግቢው በር ተንቋረረ፣ ጫማዋ ሲራመድ ተሰማኝ። እጄ እኔን አላማከረኝም። መቀሱን ወደ ቀኜ አሻገረው፣ እንደ ሁልጊዜው። ጨበጥኩ። ቅርንጫፉ በብረቶቹ መሃል ታጥፎ ተሰነቀረ።

«በግራሽ!» አለ አባዬ።

ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ጠማማው አፉ ቃሉን በትክክል አወጣው፣ ጓሮው ሁሉ ሰማው።

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ! በግራሽ አልኩ!»

ዞር ስል እትዬ ቁልፏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ርዕሰ መምህርነቷ ከፊቷ ላይ ተገፎ ወርዷል። አረንጓዴ ሻሽ ይዛ ከኋላዬ ትቆም የነበረችው ልጅ ነበረች የምታየኝ።

«አባዬ ነው የገረዘው» አልኳት። በርጩማ ላይ ቆሜ፣ መቀስ በእጄ ይዤ፣ ፀጉሬ ላይ ቅጠል ተሰክቶ።

«ዝም በይ አንቺ» አለኝ አባዬ። ወደ እትዬ ዞረ። «ተሸንፌያለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ሻካራዎቹ የእኔ ናቸው፤ ጉማጆቹን እያየሽ መቁጠር ትችያለሽ። የቀረው ሁሉ የእሷ ነው። ሻንጣዬ በሩ ጋ ነው።»

ሻንጣውን አላየሁትም ነበር። በዚያ በአንድ እጁ መቼ ልብሱን አጣጥፎ እንዳስቀመጠ አላውቅም። እንዳልወድቅ ቅርንጫፉን ያዝኩ። እትዬ ተጠግታ ወደ ዛፉ ገባች። ታች ያሉትን የአባዬን ቁርጦች በጣቷ ነካች፣ ከዚያ ከፍ ብላ የእኔን። ከአባዬ ጋር ስትሠራ ስላደገች ታውቃለች፣ ንጹሕ ቁርጥ ምን እንደሚመስል ማንም አይነግራትም። ቀና ብላ በተከፈተው መሃል ሰማዩን አየችው።

«በገዛ እጄ ነበር ያልከው፣ አይደል?» አለችው።

«አዎ። አልቻልኩም አልኩሽ እኮ።»

«የትኛው እጅህ እንደሆነ አልተነጋገርንም።»

አባዬ ግንባሩን ቋጠረ።

«እኔ ቀኝ እጅህ ከሆንኩ...» አለችና አልጨረሰችውም። አፍንጫዋን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ደወሉ ተመለሰ። «ያቺን የስፌት መኪና ዛሬውኑ ወደ ጓሮው መስኮት እናዞራታለን። ስትሰፊ እያየሽው ትሰፊያለሽ። በየሳምንቱ መጥቼ አያለሁ፤ አንዴ ወድቆ ካገኘሁት ሁለታችሁንም ነው የምወስዳችሁ። ሰምታችኋል?»

ሰልፍ ያዝን። አባዬም ራሱን ነቀነቀ፣ እኔም ነቀነቅሁ። እትዬ ሻንጣውን አንስታ ወደ ቤት ይዛው ገባች። ከውስጥ የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈትና መስቀያዎቹ ሲንኳኩ ይሰማ ነበር።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ድምፅ አውጥቼ፣ ትከሻዬ እየተርገፈገፈ፣ በርጩማው ከሥሬ እየተንቀጠቀጠ። ያንን የታጠፈ ቅርንጫፍ ከመቀሱ አላቅቄ ወደ ግራዬ መለስኩት። ዓይኔ ግን አያይልኝም።

አባዬ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ትንሽ ታገሠኝ። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ።

«እንባሽን በቀኝሽ ጥረጊው» አለኝ። «ግራሽ ሥራ ላይ ናት።»